ሸክላው ይጎተታል፦ የአባቴ ራዲዮግራም ምን ነካው?

ሐይቅ ዳር

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሐይቅ ከተማ ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአስመራና በደሴ መካከል የጭነት መኪና ሲያሽከረክር የኖረ ሰው ነበር። በ1963 ዓ.ም. አስመራ ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ከቃኘው ጣቢያ፣ ወደ ሀገሩ ሊመለስ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ አንድ አሜሪካዊ ራዲዮግራም ገዛ፤ በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጭነቱ መካከል አስቀምጦ አመጣው። ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ የእንጨት ሣጥን ነው። በስተቀኝ ባለ ቱቦ ሬዲዮ አለ፤ በስተግራ ክዳኑ ሲነሣ ሸክላ በራሱ የሚቀያይር ማጫወቻ ይወጣል። ስድስት ትንንሽ ሸክላዎች በመካከለኛው ምሰሶ ላይ ይደረደራሉ። አንዱ ሲያልቅ ክንዱ ይነሣና ወደ ጎን ይሸሻል፣ ቀጣዩ ዱብ ይላል፣ ክንዱ ተመልሶ ጠርዙ ላይ ያርፋል። እሑድ ከሰዓት እናቴ ቡና ስታፈላ አባቴ አቦል ሲቀዳ ያስነሣዋል፤ ስድስቱ ተጫውተው ሲያበቁ እኛም በረካ ላይ ደርሰናል። ያ ቤት ያለዚያ ዕቃ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ አልችልም።

አባቴ ካረፈ በኋላ 11 ዓመት ጨርቅ ለብሶ ቆመ። ባለፈው ዓመት ለአንድ ጠጋኝ ሰጠሁት። ሰውየው ጥንቁቅ ነው፤ አቧራውን አጸዳ፣ ሁለት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ቀየረ፣ ሳህኑም ዞረ። ሲመልስልኝ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ጥቂት ብሎኖችና አንዲት ደረጃ ደረጃ ያላት የነሐስ ቁራጭ ጨምሮ ሰጠኝ፤ «ከእንግዲህ አያስፈልጉም» አለኝ።

ችግሩ ዘፈኑ መጎተቱ ነው። እናቴ የመጀመሪያውን ሸክላ እንደሰማች «ይህ ሰው ታሞ ነው እንዴ የዘፈነው?» አለች። ማሲንቆ የሚጫወተው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በስልኩ ካለው ተመሳሳይ ዘፈን ጋር አስማምቶ የወጠረውን ጭራ ከሸክላው ጋር ለማስማማት ብዙ ማላላት ግድ ሆነበት።

ግራ ያጋባኝ ግን ይህ ነው። ከመሣሪያው ጋር የመጣ፣ ዙሪያውን ጥቁርና ነጭ መስመር የተሰመረበት ክብ ካርቶን አለ። ጠጋኙ ራሱ አሳይቶኛል፤ ካርቶኑ በሳህኑ ላይ ሆኖ በአምፖል ብርሃን ሲሽከረከር መስመሮቹ የቆሙ ከመሰሉ ፍጥነቱ ትክክል ነው ማለት ነው። ይቆማሉ! ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ታዲያ ካርቶኑ ትክክል ነው ካለ ዘፈኑ ለምን ይጎተታል?

ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ ከ220 ወደ 120 ቮልት የሚቀንሰው ትራንስፎርመር በጣም ይሞቃል፣ ሬዲዮው ከሞቀ በኋላ እምምም የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ክንዱም አንዳንድ ጊዜ ሸክላው አልቆ ሳይነሣ ይቀራል። እናቴ 81 ዓመቷ ነው። እንደ ድሮው ሆኖ እንድትሰማው እፈልጋለሁ።

የፒያሳ ልጅ

እህታችን፣ ቱቦዎቹ ደክመዋል። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነው። የድምፅ ማውጫዎቹን ቱቦዎችና ሬክቲፋየሩን (ተመላላሹን መብራት ወደ ቀጥታ የሚለውጠውን) ቀይሪ፤ የቀሩትንም ካፓሲተሮች በሙሉ አስነቅለሽ አዲስ አስገቢ። ኃይል ሲያንሰው ነው የሚጎተተው።

ባለ ካውያው (ደሴ)

ልጄ፣ አብሽሪ። ለቱቦ ገንዘብ እንዳታወጪ።

ከላይ የጻፈው ወንድማችን ለመርዳት ብሎ ነው፤ ግን ቱቦ ሸክላን ሊያዘገይ አይችልም። ቱቦ ሲደክም ድምፁ ያንሳል፣ ይጎረናል፣ ይቆራረጣል፤ ዘፈኑ ግን በልኩ ይሄዳል። ሳህኑን የሚያዞረው ሞተር ነው፤ ሞተሩ ደግሞ መብራቱን የሚያገኘው በቱቦዎቹ በኩል አይደለም። ሬዲዮው ፈጽሞ ሞቶ እንኳ ሳህኑ በትክክል መዞር ይችላል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለቆጨኝ ነው። በወጣትነቴ አንድ የባቲ ነጋዴ ልክ እንዳንቺ ያለ ዕቃ አምጥቶልኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቱቦ ስለዋውጥበት ቆየሁ። ገንዘቡንም ተቀበልኩት። ዕቃው እንደ አመጣጡ እየተጎተተ ተመለሰለት። ምክንያቱን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሰውየውን ፈልጌ አላገኘሁትም። እስከ ዛሬ ያንን ፊት አልረሳውም።

ስለዚህ ምንም ሳትፈቺ ሦስት ነገር አድርጊልኝ። አንደኛ፣ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፊና የፍጥነት መምረጫውን 45 ላይ (በደቂቃ 45 ዙር) አድርገሽ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠሪ፤ በአንድ ደቂቃ ከቆጠርሽ ግማሹ ያመልጥሻል። ሁለተኛ፣ በስልክም በሸክላም ያለውን አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው በሰዓት ያዢ። ሦስተኛ፣ ከሣጥኑ ጀርባ ወይም ከማጫወቻው ሥር የተለጠፈች ብረት ወይም ወረቀት ትኖራለች፤ የተጻፈባትን ቁጥር በሙሉ ገልብጪልኝ።

ሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወዲያው ነው ያደረግሁት።

በሁለት ደቂቃ 75 ጊዜ ዞረ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሦስቱም 75። ዘፈኑ በስልክ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው፤ በሸክላው ልክ 4 ደቂቃ ፈጀ። ከጀርባው ያለው ጽሑፍ «117 ቮልት፣ 60 ሳይክል» ይላል።

ባለ ካውያው (ደሴ)

ልጄ፣ በሽታው ተገኝቷል። እንደውም በሽታ አይደለም።

በሁለት ደቂቃ 75 ማለት በደቂቃ 37 ተኩል ነው። መሆን የነበረበት 45 ነው። 37 ተኩልን ለ45 ስታካፍዪው ከስድስት አምስት እጅ ይመጣልሻል። አሁን ደግሞ 200 ሰከንድ የነበረው ዘፈንሽ 240 ሆኗል፤ ይህም ያው ስድስትና አምስት ነው። ከጀርባው 60 ሳይክል ይላል፤ የእኛ ሀገር መብራት 50 ነው። እነሆ እንደገና ስድስትና አምስት። ሦስት ምስክር አንድ ቃል ተናገረ።

የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50 ጊዜ። የዚህ ዓይነቱ ሞተር የሚዞርበት ፍጥነት በዚህ ምልልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ትራንስፎርመርሽ 220 ቮልቱን ወደ 120 ያወርደዋል፤ ምልልሱን ግን አይነካውም። 50 ሆኖ የገባው 50 ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቮልቱ ከተስተካከለ ሁሉም የተስተካከለ ይመስለዋል።

ወንድምሽ ማሲንቆውን ያላላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ድምፁ በሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዷል። ሁሉም ድምፅ እኩል ስለሚወርድ ባቲው ባቲ፣ አምባሰሉም አምባሰል ሆኖ ይቆያል፤ ቅኝቱ አልፈረሰም፣ መነሻው ግን ዝቅ አለ፣ እርምጃውም ከበደ። እናትሽ የዘፋኙን ትንፋሽ ነው የሰሙት። ጆሯቸው ከማንኛውም ቴስተር ይበልጣል፤ ይህን ንገሪልኝ።

ካርቶኑን በተመለከተ ጠጋኙን አትውቀሺው፤ ልምድ ያለውንም ሰው ያታልላል። በመብራታችን የሚበራ የክር አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። መስመሮቹ የቆሙ የሚመስሉት በእያንዳንዱ ድምቀት አንዱ መስመር የሌላውን ቦታ ሲይዝ ነው። እስቲ በካርቶኑ ላይ ለ45 የተመደቡትን መስመሮች ቁጠሪ፤ 160 ይሆናሉ። የእኛ ሀገሩ 133 ነው። በደቂቃ 33 ለሚዞረውም የአሜሪካው 216፣ የእኛው 180 ነው። 160 መስመር ያለው ካርቶን በእኛ አምፖል ሥር የሚቆመው መቼ ይመስልሻል? በደቂቃ 37 ተኩል ሲዞር! ካርቶኑ «ልክ ነው» የሚለው በትክክል ሲሳሳት ነው። ለአሜሪካ አምፖል የተሠራ ካርቶን በሐይቅ አምፖል ሥር እውነት ሊናገር አይችልም።

አሁን የምጠይቅሽ ስለዚያች የክብሪት ቀፎ ነው። አባትሽ እሑድ እሑድ ሲያጫውቱት ዘፈኑ ይጎተት ነበር? ካልነበረ አንድ ሰው አንድ ጊዜ አስተካክሎታል ማለት ነው። ደረጃ ደረጃ ያላት ነሐስ ያልሻት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። አውጪና በደንብ ተመልከቻት፤ መካከሏ የተበሳ ነው? ከጎኗ ትንሽ የብሎን ቀዳዳ አላት? ከሥሯስ የተጻፈ ነገር አለ?

ሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

መካከሏ የተበሳ ነው። ከጎኗ የብሎን ቀዳዳ አላት። ሦስት ደረጃ አላት። ከሥሯ በምስማር የተጫረ ጽሑፍ አለ፤ «50» ይላል። አምስቱን የጻፈው አባቴ ነው። አምስትን ሲጽፍ ከላይ ያለችውን ሰረዝ ለይቶ በመጨረሻ ያስቀምጣታል፤ በመኪናው ደብተር ላይ ሁሉ እንዲሁ ነው።

አሁን ትዝ አለኝ፤ ጠጋኙ «ዋናው ዕቃ ሣጥኑ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ፣ በአካባቢ የተሠራውን አውጥቼ ዋናውን መለስኩት» ብሎኝ ነበር። ጥሩ ነገር አድርጎልናል ብዬ አመስግኜዋለሁ።

ቶርኖ ኮምቦልቻ

ውይይቱን ከመጀመሪያው ስከታተል ነበር። እኔ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሠራተኛ ነኝ፤ ያቺ ቁራጭ ፑሊ ናት፤ በሞተሩ ዘንግ ላይ ተገጥማ ዙሩን የምታስተላልፍ። ከመግጠማችሁ በፊት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ብትለኳት ደስ ይለኛል። በሞተሩ ላይ አሁን ያለውንም ለኩት። የነሐሷ እያንዳንዱ ደረጃ ከአሜሪካው በ20 በመቶ መወፈር አለበት፤ 60ን ለ50 ስናካፍል 1.2 ስለሚሆን ነው። ሞተሩ በዘገየበት መጠን ፑሊው ሲወፍር ሳህኑ ልኩን ያገኛል።

መካከል ላይ ሆና ከፑሊው ወደ ሳህኑ የምታስተላልፈውን የጎማ መንኮራኩር መጠኗን ማንም አይለውጥ። ብዙ ሰው እሷን አሳንሶ ወይም አሳድጎ ፍጥነት ሊያስተካክል ይሞክራል። የእሷ ውፍረት ፍጥነቱን አይለውጠውም፤ ጠርዟ ከፑሊው የተቀበለውን ያንኑ ጉዞ ለሳህኑ ጠርዝ ነው የምታስረክበው። የሚወስኑት ፑሊውና ሳህኑ ብቻ ናቸው።

ሐይቅ ዳር

ወንድሜ እዚሁ ሐይቅ ካለ ጋራዥ ካሊፐር ተውሶ ለካው። የአሜሪካው አራት ደረጃ አለው፤ ከትልቁ ጀምሮ 10.5፣ 6.1፣ 4.5 እና 2.2 ሚሊ ሜትር። የአባቴ ነሐስ ሦስት ብቻ ነው፤ 12.6፣ 7.3 እና 5.4።

ቶርኖ ኮምቦልቻ

6.1 በ1.2 ሲባዛ 7.32። 4.5 በ1.2 ሲባዛ 5.4። 10.5 በ1.2 ሲባዛ 12.6። ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ! በዚያ ዘመን መሣሪያ፣ በነሐስ ላይ፣ ይህን ያህል መቅረብ ቀላል አይደለም። አራተኛውን፣ በደቂቃ 16 ዙር የሚያዞረውን ደረጃ የተወው በዚያ ፍጥነት የሚጫወት ሸክላ በቤታችሁ ስለሌለ ይመስለኛል።

ስትገጥሟት የጎን ብሎኗ በሞተሩ ዘንግ ላይ በተላገው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ትረፍ። ከፍታዋን ደግሞ የጎማዋ መንኮራኩር በእያንዳንዱ ደረጃ መካከል ላይ እንድትሄድ አድርጉ፤ ከጠርዝ ላይ ከተቀመጠች ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ትንሸራተታለች። ሞተሩን ብቻውን አስነሥታችሁ ፑሊዋን ከጎን ተመልከቱ። ስትዞር የምትወላገድ ከሆነ ዘፈኑ ይንቀጠቀጣልና በፎቶ ላኩልኝ፤ ኮምቦልቻ አምጥታችሁ ያለ ክፍያ አስተካክላታለሁ። በብርጭቆ ወረቀት ግን እንዳትነኳት፤ የአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ጆሮ ላይ ይደርሳል።

ባለ ካውያው (ደሴ)

ልጄ፣ መጀመሪያ አባትሽን ነፍሳቸውን ይማር ልበል። የአሜሪካውንም አልጣሉትም፤ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት።

የቶርኖው ወንድማችን ያለውን ሁሉ ተከተዪ። እኔ የቀሩትን ልጨርስ።

ሳህኑን ካነሣችሁት አይቀር የጎማዋን መንኮራኩር ጠርዝ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ አጽዱት። 11 ዓመት ቆሞ ጠርዟ እንደ መስታወት ለስልሶ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዙሪያዋን እያዞራችሁ በስሱ ደባብሱት፣ ድምቀቱ እስኪጠፋ ብቻ። በአንድ በኩል ገባ ብላ ከሆነ ዱም ዱም የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ እሱ ከጥቂት ሰዓት አገልግሎት በኋላ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ዘይት ከጠርዟ ላይ እንዳይደርስ አደራ። የሞተሩ መሽከርከሪያ ላይና የመንኮራኩሯ እምብርት ላይ አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል።

ክንዱ ሳይነሣ የሚቀረው ግሪሱ ስለደረቀ ነው። ከማጫወቻው ሥር አንድ ትልቅ ጥርሳም መንኮራኩር አለ፤ ከእሱ ጋር የምትገናኝ ቀጭን ምላስ አለች። ሸክላው ሲያልቅ መርፌው ወደ መካከል በፍጥነት ይሮጣል፤ ያ ፍጥነት ምላሷን ገፍቶ ጥርሳሙን ያስነሣዋል፣ ከዚያ በኋላ ክንዱን ማንሣት፣ ሸክላ መጣል፣ መመለስ ሁሉ የዚያ መንኮራኩር አንድ ዙር ነው። ምላሷን የሚገፋት ኃይል ከላባ የቀለለ ነው። የ50 ዓመት ግሪስ እንደ ሰም ሲጠነክር ያ ኃይል አይበቃትም። በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ የቆየውን ግሪስ ሙልጭ አድርጋችሁ አንሡ፣ አድርቁ፣ በጥርሶቹና በተንሸራታቾቹ ላይ አዲስ ግሪስ በስሱ ቀቡ። ምላሷን ግን ደረቅ ተዉአት! ዘይት የተቀባች ምላስ አቧራ ትሰበስብና በስድስት ወር ውስጥ ትጣበቃለች። ይህን ካላስታወሳችሁ የቀረውን ሁሉ ብትረሱም አልቀየምም።

ከዚያ ከሶኬት ተነቅሎ እያለ ሳህኑን በእጃችሁ ወደ ቀኝ እያዞራችሁ አንዱን ዑደት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልከቱ። የሚከብድበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ የቀረ ግሪስ አለ። ክንዱ በዑደቱ መካከል እያለ በኃይል እንዳትይዙት፤ ውስጡ ያለው ዘንግ ከታጠፈ መለዋወጫ የለውም።

ወደ ትራንስፎርመሩ እንምጣ። ለ60 የተሠራ ሞተርና ትራንስፎርመር 50 ላይ ሲሠራ ከሚገባው በላይ ይጠጣል፣ ይሞቃል፣ ያቃስታል። ሙሉ በሙሉ ለማሳረፍ ቮልቱን ወደ 98 ማውረድ በተገባ ነበር፤ ያን ያህል ከወረደ ግን የቱቦዎቹ ክር ይበርዳል። መካከለኛው መፍትሔ 110 ነው። ቀናሽ ትራንስፎርመርሽ ላይ 110 የሚል መውጫ ካለ ወደዚያ አዛውሪው። በ117 ጊዜ 6.3 ቮልት ያገኝ የነበረው የቱቦ ክር ያን ጊዜ ወደ 5.9 ይወርዳል፤ ይህ ከሚፈቀደው በታች አይደለም፤ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይቀንሳል። 110 ከሌለው ሌላ ቀናሽ ፈልጊ። 120 ላይ ለሰዓታት እንዳትተዪው።

እምምም ለሚለው ድምፅ ጠጋኙ ከቀየራቸው ሁለት ካፓሲተሮች ውጭ ያሉትን ማየት ያስፈልጋል። ደሴና ሐይቅ ጭጋግና እርጥበት የሚበዛበት ሀገር ነው፤ በሰም የታሸጉት የወረቀት ካፓሲተሮች እርጥበት እየሳቡ ያፈስሳሉ። የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ሲያሰራጭ በነበረበት ዘመን ሰው አጭር ሞገዱን ጥርት አድርጎ ለመስማት ሬዲዮውን ተሸክሞ ይመጣልን ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የምንቀይረው እነሱን ነበር። ከሁሉ የሚያሰጋው ወደ ድምፅ ማውጫው ቱቦ የሚያስገባው ነው። ቱቦው 6ቢኪው5 ከሆነ፣ አውሮፓውያን ኢኤል84 የሚሉት ያው ነው፣ ጠጋኙ በሁለተኛው እግር ላይ በቴስተር የቀጥታ ቮልት ይለካ። ዜሮ መሆን አለበት። ጥቂት ቮልት ወደ ላይ ካሳየ ካፓሲተሩ ያፈስሳል፤ ቱቦውን ቀስ እያለ ያቃጥለዋል፣ በሬዲዮው ውስጥ ያለውንም ትራንስፎርመር ይዞት ሊሄድ ይችላል። የፒያሳው ወንድማችን ካፓሲተር ያለው በዚህ በኩል ልክ ነው።

ይህን ሥራ ግን አንቺም ወንድምሽም እንዳትነኩት። በቱቦ ሬዲዮ ውስጥ 300 ቮልትና ከዚያ በላይ አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በትልልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ይቆያል። ያው ጠጋኝ ይሥራው። ይህን ገጽ አሳዪው፤ ጥንቁቅ ሰው ነው ብለሻል፣ ይገባዋል። ሲያስነሣው ባለ 100 ዋት የክር አምፖል በተከታታይ አስገብቶ ይሁን፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደኅና ነው፣ ደምቆ ከቀረ ወዲያው ይንቀለው።

የፒያሳ ልጅ

ጋሼ፣ ስላረሙኝ አመሰግናለሁ። አጎቴ ቤት እንዲሁ የሚጎተት አንድ አለ። ዛሬ ማታ ሄጄ ከጀርባው ያለውን ቁጥር አነበዋለሁ።

ሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ ወንድሞቼ፣ ከ12 ቀን በኋላ ነው የምመለሰው።

ጠጋኙ ቤታችን ድረስ መጣ። የጻፋችሁትን ሁሉ ተቀምጦ አነበበ፤ ስለ ካርቶኑ ያለውን ሁለት ጊዜ ደገመው። መስመሮቹን ራሱ ቆጠረ፤ 160 ናቸው። በሁለተኛው እግር ላይ 4 ቮልት አገኘና ካፓሲተሩን ቀየረ፤ እምምም የሚለው ድምፅ ጠፍቶ በጣም የራቀ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ሄደ።

ፑሊዋን የገጠምነው እኔና ወንድሜ ነን። አልተወላገደችም። ምላሷን ደረቅ ተውናት። በሁለት ደቂቃ 90 ጊዜ ዞረ። ያው ዘፈን 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፤ ወንድሜም ማሲንቆውን ሳይነካ አብሮት ተጫወተ።

እናቴ እሑድ ቡናውን ራሷ አፈላች። ስድስቱን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሲወድቅ ከማቆላለፊያው የመጣውን ድምፅ ሰምታ ቀና አለች፣ ምንም አልተናገረችም። ዘፋኙ ሲጀምር ግን «አሁን እሱ ነው» አለች። ስድስተኛው አልቆ ክንዱ ወደ ቦታው ተመልሶ ራሱን ሲያጠፋ በረካው ገና በጀበናው ውስጥ ነበር።

የአሜሪካውን ፑሊ በዚያው በአባቴ ጨርቅ ጠቅልዬ ካርቶኑን አብሬ አስቀመጥኩት። በላዩ ላይ ወረቀት ለጥፌ በትልቁ ጽፌበታለሁ፦ «60። እዚህ አይገጠምም።»